«ተቃራኒውን ጻፍ» ስለሚለው የእንግሊዝኛ መልመጃ

በእንግሊዝኛ ቋንቋ ትምህርት «የሚከተሉትን ቃላት ተቃራኒ ጻፍ» የሚለውን ያህል የተለመደ መልመጃ ያለ አይመስለንም። ለማውጣትም ሆነ ለማረም ቀላል ነው፤ ተማሪውም ለአንድ ቃል አንድ ቃል እየመለሰ ማርኩን ይሰበስባል። ይሁን እንጂ ሠልጣኞቻችን ለማስተማር ልምምድ የሚያዘጋጁትን ስንመረምር ደጋግመን የምናየው፣ ይህ መልመጃ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ አድርጎ ማስተማሩን ነው። እነርሱም አሉታና መቀልበስ ናቸው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ልዩነቱን ማሳየትና መልመጃው እንዲሻሻል ማሳሰብ ነው።

መነሻችን «አን» የሚለው ባዕድ መነሻ ይሁን። «ሃፒ» ደስተኛ ከሆነ «አንሃፒ» ደስተኛ ያልሆነ ነው፤ «ትሩ» እውነት ከሆነ «አንትሩ» እውነት ያልሆነ ነው። እነዚህ ቅጽሎች ናቸው። አማርኛችንም ከግዕዝ በወረሰው «ኢ» ፍትሐዊ ያልሆነውን ኢፍትሐዊ፣ ሰብአዊ ያልሆነውን ኢሰብአዊ ስለሚል ተማሪው እዚህ ላይ ብዙም አይቸገርም። ችግሩ የሚመጣው «አን» ከግሥ ፊት ሲገባ ነው። «ታይ» ማሰር ነው፤ «አንታይ» ግን አለማሰር ሳይሆን የታሰረውን መፍታት ነው። «ሎክ» መቆለፍ፣ «አንሎክ» የተቆለፈውን መክፈት ነው። «ሎድ» መጫን፣ «አንሎድ» ማራገፍ ነው።

አማርኛ ለዚህ ዓይነቱ መቀልበስ ባዕድ መነሻ የለውም። ማሰርና መፍታት፣ መጫንና ማራገፍ፣ መልበስና ማውለቅ፣ መክደንና መግለጥ እያለ ለየድርጊቱ ራሱን የቻለ ግሥ ይሰጣል። ስለዚህ «አን ማለት አይደለም ማለት ነው» ተብሎ የተነገረው ተማሪ፣ ገበሬው አህያውን እንደፈታ የሚናገረውን የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር «ገበሬው አህያውን አላሰረም» ብሎ ቢተረጉመው ምን ያስደንቃል? የተሰጠውን ሕግ በታማኝነት ሠራበት እንጂ አላጠፋም። ነገር ግን በመጀመሪያው አህያው ታስሮ ነበር፤ በሁለተኛው ጭራሹን አልታሰረም።

ሁለቱ «አን» በድምፅ ይመሳሰሉ እንጂ የዘር ሐረጋቸው የተለያየ ነው። የቅጽሉ ከላቲኑ የአሉታ «ኢን» እና ከግሪኩ «አን» ጋር ይዛመዳል። የግሡ ደግሞ በጥንታዊው እንግሊዝኛ «ኦን» ይባል የነበረ ሲሆን፣ ዘመዶቹ የጀርመንኛው «ኤንት» እና የግሪኩ «አንቲ» ናቸው። በጊዜ ብዛት ድምፃቸው አንድ ሆነ። ከዚህም የተነሣ «አንታይድ» የሚለው ቃል አንድ ጊዜ «ያልታሰረ»፣ ሌላ ጊዜ «ታስሮ የተፈታ» ይሆናል። «አንሎከብል» የተባለም በር ወይ ሊቆለፍ የማይችል ነው፣ ወይ ቁልፉ ሊከፈት የሚችል ነው። ቃሉን ብቻውን በዝርዝር ውስጥ አስቀምጦ ተቃራኒውን የሚጠይቅ አስተማሪ የትኛውን እንደ ፈለገ ተማሪው በምን ያውቃል?

እ.ኤ.አ. በ1941 ያረፈው አሜሪካዊው የቋንቋ ተመራማሪ ቤንጃሚን ሊ ዎርፍ እንዳመለከተው፣ የግሡ «አን» በዘፈቀደ አይገባም፤ መሸፈንን፣ መክበብንና ማያያዝን ከሚገልጹ ግሦች ጋር ይስማማል። በዚህ ምክንያት «ብሬክ» ማለትም መስበር፣ «ኦፕን» ማለትም መክፈት በተለመደው አነጋገር አይቀበሉትም። በር መልሶ ይዘጋል፤ እንግሊዝኛው ግን ለዚያ «ሸት» ወይም «ክሎዝ» የሚል ሌላ ግሥ አለው። በሕግ የተደገፈ መስሎት «አንኦፕን» ብሎ የሚጽፍ ተማሪ የሚያጣው ይህን ነው።

ነገሩ የሰዋስው ክርክር ብቻ ቢሆን ባልጻፍነው ነበር። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን ሳይንስ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። በፊዚክስ «አንቻርጅድ» የኤሌክትሪክ ሙል የሌለው ማለት ነው፤ ኒውትሮን እንዲህ ነው። «ዲስቻርጅድ» ግን ሙል ኖሮት ያጣው ነው፤ ያለቀ ባትሪ እንዲህ ነው። ሁለቱን እንደ አንድ የሚያነብ ተማሪ ኒውትሮን አስቀድሞ ሙል የነበረው ይመስለዋል። ከዚህም የከፋ አለ። በነዳጅ መያዣ ላይ የሚጻፈው «ኢንፍላመብል» በእሳት የሚያያዝ ማለት ነው፤ ትርጉሙ ከ«ፍላመብል» አይለይም። በዚህ ቃል ያለው «ኢን» አሉታ አይደለምና። «ኢን ሁሉ አፍራሽ ነው» ብሎ የተማረ ልጅ በዚያ መያዣ አጠገብ ክብሪት ቢጭር ስሕተቱ በቀይ እስክሪብቶ አይታረምም።

ሌሎቹን ባጭሩ እንለፋቸው። «ሚስ» አፍራሽ አይደለም፤ «ሚስሪድ» አሳስቶ ማንበብ እንጂ አለማንበብ አይደለም። «ሆት» እና «ኮልድ» ተቃራኒ ቢሆኑም፣ ትኩስ ያልሆነ ሁሉ ቀዝቃዛ አይደለም፤ ለብ ያለ አለና። «ዴድ» እና «አላይቭ» ግን መካከል የላቸውም። «ባይ» እና «ሴል»፣ መግዛትና መሸጥ፣ አንዱን ገበያ ከሁለት ወገን የሚያዩ ናቸው። እንግሊዛዊው ጆን ላየንስ እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተመው የሥነ ልሳን መግቢያ እነዚህን ሦስት ዓይነቶች ለያይቶ አስቀምጧል። የእኛ መልመጃ ግን ሁሉንም በአንድ አቁማዳ ይከታል።

«ክፍሉ በተማሪ የተጨናነቀ፣ የሚታረመው ደብተር የበዛ ነው፤ ቀላል መልመጃ ያስፈልገናል» የሚሉ ባልደረቦች እንዳሉ እናውቃለን፤ እውነታቸውንም ነው። ሆኖም የምንጠይቀው ተጨማሪ ድካም አይደለም። አንደኛ፣ ቃሉ ለብቻው ሳይሆን በአጭር ዓረፍተ ነገር ውስጥ ይሰጥ። ሁለተኛ፣ ተማሪው መልሱን ከመጻፉ በፊት «ነገሩ አስቀድሞ ምን ነበረ?» ብሎ ራሱን እንዲጠይቅ ይልመድ፤ መቀልበስ ቀድሞ የተደረገ ነገር ይፈልጋል፣ አሉታ ግን አይፈልግም። ሦስተኛ፣ የግሥ ተቃራኒ ሲጠየቅ የአማርኛው ግሥ አብሮ ይጻፍ። መፍታትን ከአለማሰር የሚለይ ልጅ «አንታይ»ንም ለመለየት አይቸግረውምና።

የሳይንስ መምህራንም በየትምህርታቸው የሚያጋጥሟቸውን እንዲህ ያሉ ቃላት ለእንግሊዝኛ መምህራን ቢያስታውቁ፣ መልመጃው ከተማሪው እውነተኛ ችግር ይነሣል። ማርክ ማስገኘቱ ብቻ መልመጃን መልካም አያሰኘውም፤ ተማሪው ያነበበውን በትክክል እንዲረዳ ማድረግ አለበት።