ልጅቷስ ምን አለች?

ሥነ ጽሑፍ በማስተምርበት ዘመን፣ ስለ ሂስ ሲነሣ ከአፌ የማይጠፋ አንድ ፊልም ነበር፤ የቤርቶሉቺ «የመጨረሻው ታንጎ በፓሪስ»። ሚስቱ የሞተችበት ጎልማሳና አንዲት ወጣት፣ ስም ሳይጠያየቁ ባዶ አፓርታማ ውስጥ እየተገናኙ ይተኛሉ። እ.ኤ.አ. በ1972 ኒው ዮርክ ላይ ሲታይ፣ ሃያሲዋ ፖሊን ኬል ምሽቱን ከስትራቪንስኪ የ1913ቱ የባሌ ምሽት ጋር አስተካከለችው። ጣሊያን ደግሞ በ1976 ቅጂዎቹ እንዲጠፉ ፈረደች፤ ዳይሬክተሩም የመምረጥ መብቱን ለአምስት ዓመት ተነጠቀ። «አያችሁ፣ ጥበብ እንዲህ ትፈራለች!» እያልኩ ክፍሉን አሞቅ ነበር።

አሁን ሳስበው አፍራለሁ። አድናቂውም ከሳሹም ሲጨቃጨቅ የኖረው ስለ ጥበብና ስለ ብልግና ነው። ማሪያ ሽናይደር እኮ ያኔ ገና 19 ዓመቷ ነበር፤ ማርሎን ብራንዶ 47። በ2007 የቅቤው ትዕይንት ስክሪፕቱ ላይ እንዳልነበረ፣ ድርጊቱ ትወና ቢሆንም እንባዋ የእውነት እንደነበር ተናገረች። ማን ሰማት? በ2011 ሞተች። ቤርቶሉቺ በ2013 ስለ ቅቤው ሆን ብሎ እንዳልነገራት፣ የፈለገው የተዋናይት ሳይሆን የልጃገረድ ስሜት መሆኑን አመነ። ሕዝቡ የተቆጣው እሱም ንግግሩ በ2016 ዳግም ሲወራ ነው። ሲናገር ያመኑት እሱን ነዋ!

አንድ ቀን ከኋላ ወንበር አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ፣ «መምህር፣ ልጅቷስ ምን አለች?» ብላኝ ነበር።

«ስለ ፊልሙ ነው የምናወራው፤ ወሬ አትልቀሚ» አልኳት።