ዓይኗን የማታርገበግብ ሻለቃ

ማሞሩ ኦሺ እ.ኤ.አ. በ1995 የሠራው «ጎስት ኢን ዘ ሼል» የተሰኘው የአኒሜሽን ፊልም ስሙ የሚነሳው በፍልስፍናው ነው። ሻለቃ ሞቶኮ ኩሳናጊ መላ አካሏ በፋብሪካ ተሠርቶ፣ ከሰውነቷ አንጎሏ ብቻ ቀርቶላት፣ «እኔ» የምትለው ነገር በእርግጥ መኖሩን ትጠራጠራለች። ስለዚህ ጥርጣሬ ብዙ ተብሏል። እኔን ወደ ፊልሙ ደጋግሞ የሚመልሰኝ ግን የሠዓሊዎቹ እጅ ነው። ገጸ ባሕርያቱ ጥያቄውን በንግግር ሲተነትኑት አንዳንዴ ይረዝምባቸዋል፤ ሥዕሉ ግን አንዴም አይረዝምበትም።

ዓይኖቿን ልብ ብላችሁ እዩ። ሻለቃዋ የምታርገበግባቸው ከስንት አንዴ ነው። በአኒሜሽን ሥራ ዝም ብሎ የቆመን ገጸ ባሕርይ ሕያው ለማስመሰል ቀላሉ መላ ዓይኑን ማርገብገብ ነው። እዚህ ሆን ብለው ነፈጓት። ተመልካቹ ምን እንደጎደለ ሳይለየው አንድ ነገር ሲከነክነው ይቆያል።

መሀል ላይ ታሪኩ ቆም ይልና ለደቂቃዎች ንግግርም ተኩስም የለም። ሆንግ ኮንግን መነሻ አድርገው በሣሏት ከተማ፣ ሻለቃዋ በቦዩ ላይ በጀልባ ታልፋለች። ቀና ስትል ከመስታወት ጀርባ ቁርጥ እሷን የምትመስል ሴት ተቀምጣለች። ማንም ምንም አያስረዳም። ከዚያ ዝናቡ፣ ዣንጥላ የያዙት ልጆች፣ በሱቅ መስኮት የቆሙት የልብስ ማሳያ አሻንጉሊቶች ይከተላሉ። የሙዚቃው ደራሲ ኬንጂ ካዋይ በዚህ ሁሉ ላይ ያሰማው የጃፓን ባህላዊ ዘፋኞችን ድምፅ ከቡልጋሪያ የኅብረ ዜማ ስልት ጋር አዋሕዶ ነው። ግጥሙ በጥንታዊ ጃፓንኛ የተጻፈ የሠርግ ዘፈን ነው። መጀመሪያ የምንሰማው ሰውነቷ ሲገጣጠም ነው፤ ሙሽራው ማን እንደሆነ የምናውቀው ግን መጨረሻ ላይ፣ ሥጋ ከሌለው አእምሮ ጋር ስትዋሐድ ነው።

ሠዓሊዎቹን ከሁሉ በላይ የማደንቃቸው ከታንኩ ጋር በምትገጥምበት ትዕይንት ነው። ጥይቱ በግድግዳው ላይ የተቀረጸውን የሕይወት ዛፍ ከሥር ወደ ላይ እየቦረቦረ ይወጣና ጫፉ ላይ «ሰው» ከሚለው ቃል ሊደርስ ሲል ይቆማል። እሷ ታንኩ ላይ ወጥታ መክደኛውን ትስባለች። ጡንቻዋ እያበጠ ቆዳዋን ይወጥረዋል፤ ቀጥሎ ይተረተራል፤ በመጨረሻ ክንዷ ይገነጠላል። ሠዓሊዎቹ አንዱንም ደረጃ አልዘለሉም። ያ ሁሉ ጉልበት ወረቀት ላይ የተሳለ መስመር መሆኑን እያወቅሁም ትከሻዬ ይወጠራል።

ኦሺ በ2008 ፊልሙን አድሶ ሲያወጣ፣ የመክፈቻውን ሥዕል ጨምሮ አንዳንድ ትዕይንቶችን በኮምፒውተር ምስል ተክቷቸዋል። አዲሷ ሻለቃ ለስልሳለች፣ ክብደቷ ግን ጠፍቷል። ፊልሙ ለልጆች አይሆንም፤ አዋቂ ሆኖ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊያየው የተነሳ ሰው የ1995ቱን ይፈልግ።