አንድ ደቂቃ ሙሉ

ከሌሊቱ 8 ሰዓት አልፏል። አጎቴን ላስታምም በገባሁበት ድንገተኛ ክፍል፣ ተረኛዋ ሲስተር ከጎናችን ወደተኙት አዛውንት መጣች። «አባባ፣ እስቲ እጅዎን» ብላ አንጓቸውን ያዘች። የልብ ምታቸውን የምትቆጥር መስሎኝ ነበር። መጀመሪያ እሱን ቆጥራለች፤ ከዚያ ግን ጣቶቿን ሳታነሳ ዓይኗ ወደ ደረታቸው ተሻገረ። ብርድ ልብሱ ከፍ ዝቅ ሲል እያየች ጸጥ ብላ ቆመች። ከወዲያ ማዶ አንድ አስታማሚ «ሲስተር! ግሉኮሱ አልቋል!» እያለ ይጣራል። ደቂቃዋ እስክትሞላ ፊቷን አላዞረችም። ኋላ ምክንያቱን ብጠይቃት «ትንፋሻቸውን እየቆጠርኩ መሆኑን ካወቁ አተነፋፈሳቸው ይለወጣል» አለችኝ።

ከዚያ ሌሊት ወዲህ የነርስን ሥራ የምመዝነው በዚያች ደቂቃ ነው።

ጤነኛ አዋቂ ሰው ዕረፍት ላይ ሳለ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል። ሕመም ሲጠና ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚያሳብቀው ይህ ቁጥር ነው፤ የደም ግፊቱ ገና ደኅና እያለ ትንፋሹ ይፈጥናል። የብሪታንያ የሐኪሞች ንጉሣዊ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው የማስጠንቀቂያ ነጥብ አሰጣጥ፣ ትንፋሽ በደቂቃ 25 ከደረሰ ለብቻው 3 ነጥብ ይያዝበታል፤ ለአንድ ምልክት ከዚያ በላይ ነጥብ የለም። ይህን ያህል ክብደት ያለው ቁጥር ግን ሥራ ሲበዛ በግምት ለመሞላት የቀረበ ነው። ሩብ ደቂቃ ቆጥሮ በአራት ማባዛትም ያጓጓል። በዚያ አቆጣጠር የአንዲት ትንፋሽ ስሕተት አራት ትሆናለች።

ጆሮም እንደ ዓይን ይሠለጥናል። በአስም የታፈነች ልጅ ደረቷ ሲያፏጭ ቆይቶ ድንገት ጸጥ ሲል፣ ቤተሰብ «ተመስገን፣ ተሻላት» ይላል። ሲስተሯ ግን ትሮጣለች፤ ፉጨቱ የጠፋው የሚገባው አየር ስለጠፋ ሊሆን ይችላልና።

መጀመሪያ የአየር መንገድ፣ ቀጥሎ ትንፋሽ፣ ቀጥሎ የደም ዝውውር፤ ይህን ማንኛውም የነርስ ተማሪ በቃሉ ይወጣዋል። እኔን የሚያስደንቀኝ ምን መቆየት እንዳለበት የምታውቅ እጅ ናት። ግማሽ አካሉ ዝሎ፣ አፉ ተጣሞ የመጣን ሰው አስቡ። አስታማሚው ውሃ ያቀርብለታል፤ ከፍቅር ነው፣ ማንም አይወቅሰውም። ነርሷ ግን ብርጭቆውን በቀስታ ትመልሰዋለች፤ መዋጥ መቻሉ ሳይፈተን የተሰጠ ጉንጭ ውሃ ወደ ሳንባ ሊወርድ ይችላል። ጣቱን ወግታ ስኳሩን ትለካለች፤ የወረደ ስኳር ስትሮክ መስሎ ይመጣል። ከዚያ ትጠይቃለች። «መቼ ጀመረው?» አትልም። «መጨረሻ ደኅና ሆኖ ያያችሁት ስንት ሰዓት ነው?» ትላለች። ከእንቅልፉ ሲነሳ አፉ ተጣሞ ያገኙት ቤተሰቦች ለመጀመሪያው ጥያቄ «ጠዋት» ብለው ይመልሳሉ፤ ሁለተኛው ጥያቄ ግን ማታ ወደተኛበት ሰዓት ይመልሳቸዋል። የደም ሥር የደፈነውን የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት በመደበኛው አሠራር የሚሰጠው በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ በመሆኑ፣ በዚያች ጥያቄ አቀራረብ ብዙ ነገር ይወሰናል።

የስኳር ሕመምተኛ ትንፋሹ ጥልቅና ፈጣን ሆኖ፣ አፉ አሴቶን አሴቶን እየሸተተ ሲመጣም እጅ ወደ ኢንሱሊን ይቸኩላል። የበሰለች ነርስ ፈሳሹን አስጀምራ የፖታሲየሙን ውጤት ትጠይቃለች። ኢንሱሊን ፖታሲየምን ከደም ወደ ሴል ያስገባል፤ አስቀድሞ የወረደ ከሆነ የልብ ምት ሊዛባ ይችላል።

በማዋለጃ ክፍል ደግሞ ማግኒዥየም ሰልፌት የምትወስድ እናት አለች። ቀጣዩ መርፌ ከመሰጠቱ በፊት ጉልበቷን በመዶሻ መታ ሲያደርጉት እግሯ መንቀሳቀሱ፣ ትንፋሿ ቢያንስ 16 መሆኑ፣ ሽንቷም ባለፉት 4 ሰዓታት በሰዓት ከ30 ሚሊ ሊትር አለማነሱ ይታያል። አንዱ ከጎደለ መርፌው ይቆያል። እዚህም ያው የትንፋሽ ቆጠራ አለ።

የአባባ ትንፋሽ 28 ነበር። ሲስተር ራስጌያቸውን ከፍ አደረገች፣ የኦክስጅን መለኪያውን ጣታቸው ላይ ሰካች፣ ሐኪሙን አስጠራች፣ ቁጥሩንም ከነሰዓቱ ካርዳቸው ላይ ጻፈች። ከዚያ ወደሚጣራው አስታማሚ ሄደች።

ስታስታምሙ፣ ነርስ የበሽተኛችሁን እጅ ይዛ ዝም ብላ ብታገኟት፣ እባካችሁ አታናግሯት። እየቆጠረች ነው።