በቦርደዴ በኩል በባቡር
ባቡራችን ወደ ባሕር የሚወርድ ነው፤ እኔ ግን ከመንገዱ ሁሉ አብልጬ የምወደው ባሕሩ ገና ሩቅ ሳለ፣ ከአዋሽ ተነስቶ በቦርደዴ በኩል ወደ ሚኤሶ የሚያልፈውን ክፍል ነው። ወደ ምሥራቅ ለሚጓዝ ሰው በግራ የአለደጌ ሜዳ ዓይን እስኪደክም ይዘረጋል፤ በቀኝ የጨርጨር ተራሮች እንደ ባሕር ዳር ገደል ከቆላው ላይ ይነሳሉ። ከግራሩ መሀል ግመሎች አንገታቸውን አስግገው ቅጠል ይለቅማሉ። ወረድ ሲሉ ገዳም ያረፈበት የአሰቦት ተራራ ብቅ ይላል፤ ይህን ተራራ ተረጋግቶ ለማየት ከባቡር መስኮት የተሻለ ቦታ አላውቅም።

ሐዲዱ ደጋውን አይወጣም። ጭሮና ሂርና ለመኪናው መንገድ ቀርተዋል፤ ባቡሩ የተራራውን ግርጌ ይዞ ይነጉዳል። እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የገባው የፈረንሳዮቹ ሐዲድ የመጣው በዚሁ ቆላ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡርም ይህንኑ አቅጣጫ ይከተላል።

ወደ ድሬዳዋ የምትሄዱ ከሆነ ባቡሩን ምረጡ፤ ከአዋሽ በኋላም መጋረጃውን አትዝጉ።