ምላጩ የሚያርፍበት አንጓ

የምድር ዕፅዋትን የሚያጠና ሰው አበባ ቆጥሮ፣ ፍሬ ሰንጥቆ ዝርያን ከዝርያ ይለያል። ከጉዋም እስከ ሳሞአ፣ ከፊጂ እስከ ሃዋይ በተዘረጉት የፓስፊክ ደሴቶች ዳርቻ አረንጓዴ የባሕር አልጌ የምንለይ ሰዎች ግን አበባም ፍሬም የለንም። ሥር የሚመስለው ሥር አይደለም፤ ቅጠል የሚመስለውም ቅጠል አይደለም። ኮለርፓና ሃሊሜዳ የሚባሉት ወገኖች ደግሞ ምንም ያህል ቢንሰራፉ መላ አካላቸው አንድ ህዋስ ነው፤ በውስጡ እልፍ ኒውክሊየስ አለ፣ አንዱን ከሌላው የሚለይ ግድግዳ ግን የለም። እንዲህ ያለ አካል ለብርሃንና ለውሃ ግፊት በቀላሉ ይታዘዛል። ስለዚህ ናሙናውን ከድንጋዩ ከመንቀላችን በፊት አንድ ጥያቄ ይጠብቀናል፦ ከማየው ቅርጽ ውስጥ የዘሩ ድርሻ የቱ ነው? የቦታውስ?

ይህን ጥያቄ እንደ ኮለርፓ አጥብቆ የሚጠይቅ ወገን አላውቅም። በአሸዋና በድንጋይ ላይ የሚሳብ ቀጭን ግንድ አለው፤ ከግንዱ ላይ ትናንሽ ቅርንጫፎች ቀጥ ብለው ይወጣሉ። ቅርንጫፎቹ አንድ ቦታ ድቡልቡል፣ ሌላ ቦታ ጠፍጣፋ ናቸው። የቀደሙት ሊቃውንት ለየቅርጹ የየራሱን ስም ሰጡት፤ ራሴሞሳ፣ ፔልታታ፣ ቱርቢናታ እያሉ መዘገቡት። በ1972 ማይክሮኔሲካ በተባለው የጉዋም መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት የብርሃን መጠን ሲለዋወጥ የኮለርፓ ራሴሞሳ ቅርጽም አብሮ እንደሚለዋወጥ አሳየ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ጃፓኖችም በ1987 በቤተ ሙከራ አሳድገው ደካማ ብርሃን ጠፍጣፋውን፣ ብርቱ ብርሃን ድቡልቡሉን እንደሚያወጣ አረጋገጡ። ያኔ ብዙዎች ሁሉንም በአንድ ስም ጠቅልለው ተቀመጡ። ይህም አልጸናም፤ በ2014 የታተመ የጂን ጥናት በዚያ አንድ ስም ሥር በርካታ የተለያዩ ዝርያዎች እንዳሉ ገለጠ። ቅርጹ ይዋዥቃል፤ ዝርያዎቹም በእርግጥ ብዙ ናቸው። ሁለቱም እውነት ስለሆነ ሥራው ከባድ ነው።

እኔ በባሕሩ ውስጥ የማደርገው ይህ ነው፦ አንዱን ግንድ ከድንጋይ ስንጥቅ ጥላ ጀምሬ ፀሐይ እስከሚመታው ድረስ በጣቴ እከተለዋለሁ። በዚያው ግንድ ላይ ከጥላው ጠፍጣፋ፣ ከብርሃኑ ድቡልቡል ካገኘሁ ልዩነቱ የቦታው ነው። ሁለት ግንዶች በአንድ ስንጥቅ፣ በአንድ ብርሃን፣ ጎን ለጎን እያደጉ ካልተመሳሰሉ ግን ልብ እላለሁ። በሙያው ውስጥ እንደዚህ ያለ ጎረቤትነት ወርቅ ነው፤ ተፈጥሮ ራሷ ሙከራውን ሠርታ አስቀምጣዋለች። ይህን ማስታወሻ በውሃ ውስጥ፣ በፕላስቲክ ሰሌዳ ላይ፣ በእርሳስ ካልጻፉት ከደረቅ ናሙና ላይ በኋላ ማንም ሊያነበው አይችልም።

ሃሊሜዳ ሌላ ዓይነት ብልሃት ይጠይቃል። ጠፍጣፋ ክፍሎቹ አንዱ ካንዱ ጫፍ ላይ እየወጡ የሚቀጥሉ በመሆናቸው እንደ በለስ ቁልቋል ነው፤ ከዝርያዎቹ አንዱ ኦፑንሺያ የተባለውም በዚሁ ተክል ስም ነው። ስዊድናዊው ሊቅ ሊኒየስ በ1758 ሲመዘግበው ከእንስሳት ጋር፣ ከኮራል መሳዮች መካከል ነበር ያኖረው። አይፈረድበትም፤ አካሉ ኖራ ለብሶ ድንጋይ ሆኗል። ተክሉ ሲሞት ክፍሎቹ ተበታትነው አሸዋ ይሆናሉ። በ1890ዎቹ መጨረሻ የእንግሊዝ ሊቃውንት የኮራል ደሴት አፈጣጠርን ለማወቅ በቱቫሉ ፉናፉቲ ላይ ጉድጓድ ሲቆፍሩ ደሴቶቹ በቀለበት ያቀፉት ባሕር (የላጉኑ) ወለል በሃሊሜዳ ስብርባሪ ተሸፍኖ አገኙት። ሰው ቤት ሠርቶ የሚኖርባቸው ዝቅተኛ ደሴቶች ከፊል አካላቸው የዚህ አልጌ አጥንት ነው። ስሙን በትክክል ማወቅ ለምን ያስፈልጋል ለሚለኝ ሰው መጀመሪያ የምነግረው ይህንን ነው።

ከውጭ ሲታይ የሃሊሜዳ ክፍል ኩላሊት መሳይ፣ ክብ ወይም ሦስት ጫፍ ያለው ሊሆን ይችላል፤ በአንዱ ተክል ላይ ሦስቱንም ማግኘት እንግዳ ነገር አይደለም። እውነተኛው መለያ ያለው ውስጥ፣ ክፍል ከክፍል በሚገናኝበት አንጓ ላይ ነው። አንጓው ኖራ የለውም፤ ለዚህም ነው ተክሉ ከማዕበሉ ጋር የሚተጣጠፈው። በመካከሉ ቀጫጭን ቱቦዎች ከአንዱ ክፍል ወደሚቀጥለው ያልፋሉ። ከጫፉም ከግርጌውም ሳይሆን ከመካከል የጎለመሰ ክፍል እመርጣለሁ፤ ቀጭን አሲድ ውስጥ እነክረዋለሁ፤ አረፋው ሲያቆም ኖራው አልቋል ማለት ነው። ከዚያ በማይክሮስኮፕ ሥር በሁለት መርፌ ቱቦዎቹን ቀስ እያልኩ አፍታታለሁ። በኦፑንሺያ ቱቦዎቹ ሁለት ሁለት ወይም ሦስት ሦስት ሆነው ለአጭር ርቀት ብቻ ይጣበቃሉ። ዲስኮይዲያ በሚባለው ዝርያ ፈጽመው አንድ ይሆናሉ። በማክሮሎባ ሁሉም ጎን ለጎን ተሰብስበው በግድግዳቸው ባሉ ቀዳዳዎች ይገናኛሉ። የመጽሔቱን ስም በሚጋራው ዝርያ፣ በማይክሮኔሲካ፣ ደግሞ ሳይነካኩ ያልፋሉ። ሉዌሊያ ሂሊስ በ1980 ባሳተመችው ታላቅ ሥራ ወገኑን በ5 ክፍል የመደበችው በዋነኛነት በዚህ አንጓ ምስክርነት ነው፤ በኋላ የመጣው የጂን ጥናትም ክፍሎቹን በአብዛኛው አጽድቆላታል። በመርፌና በምላጭ እዚህ ድረስ መድረስ እንደሚቻል ሳስብ ለዚያች ሴት ያለኝ አክብሮት ይጨምራል።

አንጓውን ካየሁ በኋላ ወደ ቆዳው እሄዳለሁ። የክፍሉ ገጽ የተሠራው ተጠጋግተው ከቆሙ ጥቃቅን ከረጢቶች ነው፤ ስፋታቸው በማይክሮሜትር ይለካል። አንድ ከረጢት ለክቶ ቁጥር መጻፍ ዋጋ የለውም፤ ከተለያዩ ክፍሎች ብዙ ለክቶ ትንሹንና ትልቁን መመዝገብ ያስፈልጋል። የሰዓቱ ነገርም አለ። ሃሊሜዳ ሲመሽ አረንጓዴ ክሎሮፕላስቶቹን ከገጹ ወደ ውስጥ ይስባል፤ አዳዲስ ክፍሎችም ሌሊት ነጭ ሆነው ወጥተው ሲነጋ ይለመልማሉ። ስለዚህ «የገረጣ» የሚል ቃል በመግለጫ ውስጥ ሳይ የተሰበሰበበትን ሰዓት እፈልጋለሁ። ሰዓቱ ካልተጻፈ ቃሉን አላምነውም።

ሁሉም ግን እንዲህ አያደክምም። ዲክቲዮስፌሪያ የሚባለው ወገን አረፋ የመሳሰሉ ትላልቅ ህዋሶች ተያይዘው የሠሩት ነው። ትልቁን ጉብታ በቢላ መሰንጠቅ ነው፤ ውስጡ ባዶ ከሆነ ካቨርኖሳ፣ ድፍን ከሆነ ቬርስሉይሲ። ይህ ልዩነት በኦዋሁ ደሴት ካኔኦሄ ባሕረ ሰላጤ ብዙ ትርጉም ነበረው፤ የፍሳሽ ቆሻሻ በሚለቀቅበት ዘመን ኮራሉን ያለበሰው ባዶው፣ ካቨርኖሳ ነበር። ፍሳሹ በ1970ዎቹ መጨረሻ ወደ ሌላ አቅጣጫ ከተመለሰ በኋላም ለብዙ ዓመታት ቆይቶ በ2006 ዝናብና ደመና ከበዛበት ወቅት በኋላ ረገፈ።

አሁን ስለ ስም። ከ1958 ወዲህ አዲስ ዝርያ የሚሰይም ሰው ስሙ የተመሠረተበትን አንድ ናሙና ለይቶ እንዲያመለክት የዕፅዋትና የአልጌ ስም አሰጣጥ ሕግ ያስገድዳል። እኔ በዚህ ሕግ አጥብቄ አምናለሁ፤ መግለጫ ሊሳሳት ይችላል፣ ናሙናው ግን ለሚጠይቀው ሁሉ እንደገና ይመልሳል። የኡልቫ ታሪክ ይህን ያሳያል። ሊኒየስ በ1753 ኡልቫ ላክቱካ ያለውን ሰፊና ስስ አልጌ የሰሜን አውሮፓ ሰዎች የራሳቸው ዳርቻ ነዋሪ አድርገው ለሁለት መቶ ዓመት ከዚያም በላይ ቆጠሩት። በለንደን ሊኒየስ ማኅበር ከተቀመጠው ናሙና ላይ ዲኤንኤ ወጥቶ ውጤቱ በ2019 ሲታተም ግን ናሙናው የሞቃት ባሕር ዝርያ፣ ኡልቫ ፋሺያታ ሲባል የነበረው ሆኖ ተገኘ። ሃዋይያውያን ሊሙ ፓላሃላሃ ብለው የሚበሉት ማለት ነው። የሰሜኑ ዝርያ ሌላ ስም ያዘ። ያ ወረቀት ላይ የተለጠፈ ቁራጭ ባይጠበቅ ኖሮ ክርክሩ መቋጫ ባላገኘ ነበር።

ስለ ሃዋይ ካነሣሁ ኢዛቤላ አዮና አቦትን ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። በ1950 በሳይንስ የዶክትሬት ማዕረግ ያገኘች የመጀመሪያዋ የሃዋይ ተወላጅ ሴት ነበረች፤ ሊሙ፣ ማለትም የባሕር አልጌ፣ መልቀምን አስቀድማ የተማረችው ከእናቷ ነው። በ2004 ከጆን ሂውዝማን ጋር ያሳተመችው የሃዋይ አረንጓዴና ቡናማ አልጌዎች መጽሐፍ ዛሬም ከጠረጴዛዬ አይነሣም። ለቃሚ ሴቶች ከሚያውቁት መጀመር እንደሚገባ የተረዳሁት ከእንዲህ ያሉ ሊቃውንት ነው። በፊጂ ገበያ ናማ የሚባለውን ኮለርፓ በክምር የሚሸጡ ሴቶች የቱ ከየትኛው ድንጋይ እንደመጣ፣ የቱ ለስላሳ፣ የቱ የሚቆመጥጥ እንደሆነ ይናገራሉ። ጣዕም በእኛ መግለጫ ውስጥ አይገባም፤ መግባት ነበረበት እላለሁ። በ2016 ከሃዋይ ጥልቅ ውሃ የተገኙ አዳዲስ የኡልቫ ዘመዶች ሲሰየሙ ኢሊዮሃሃ፣ ካሎአኩላውን የመሳሰሉ የሃዋይ ቋንቋ ስሞች መመረጣቸው ደስ ያሰኘኛል።

ለእኛ አገር አንባቢ ደግሞ አንድ ቅርብ ነገር አለ። ከነዚህ የፓስፊክ አልጌዎች በርካታዎቹ ስማቸውን ያገኙት ቀይ ባሕር ላይ ነው። ራሴሞሳንና ካቨርኖሳን የመዘገበው የሊኒየስ ደቀ መዝሙር ፒተር ፎርስኮል ነበር፤ በ1763 በየመን በ31 ዓመቱ ሞተ፤ ሥራውን የጉዞ ባልደረባው ካርስተን ኒቡር በ1775 አሳተመለት። ዛሬ በኦኪናዋ የሚታረሰውን የባሕር ወይን፣ ኮለርፓ ሌንቲሊፌራን፣ የአልጌ ሊቁ ጃኮብ አጋርድ በ1837 የሰየመው ኤድዋርድ ሩፔል ከቀይ ባሕር ከሰበሰበው ናሙና ተነሥቶ ነው። ሩፔል ጎንደር ድረስ የዘለቀ፣ ዋልያን፣ ጭላዳን፣ ቀይ ቀበሮን በሳይንስ መዝገብ ያስገባ ሰው ነው። ስለዚህ በፊጂ ገበያ ላይ ስለ ናማ ማንነት ክርክር ሲነሣ ማስረጃው የሚፈለገው ከስዊዝ እስከ ባብ ኤል መንደብ ባለው ዳርቻ ነው።

በዚያ ዳርቻ የሚሠራ ወጣት ካለ የምለምነው ቀላል ነገር ነው። ከአንድ ቦታ አንድ አትውሰድ፤ ከጥላው፣ ከብርሃኑና ከመካከሉ ውሰድ። ከእያንዳንዱ ጥፍር የምታህል ቁራጭ ወዲያው ሲሊካ ጄል ውስጥ አድርቅ፤ ሌላውን ለአካል ጥናት ፎርማሊን ውስጥ አኑር፤ ፎርማሊን ዲኤንኤን ስለሚያበላሽ ሁለቱን አታቀላቅል። የቀረውን ውሃ ላይ አንሳፍፈህ ወረቀት ላይ ዘርጋና በጨርቅ ሸፍነህ ተጫነው። ቀለሙ ይጠፋል፤ ስለዚህ ትኩሱን ፎቶ አንሣ። ጥልቀቱን፣ ሰዓቱን፣ ድንጋይ ይሁን አሸዋ፣ ጎረቤቱ ማን እንደነበረ በእርሳስ ጻፍ፤ ቀለም ውሃ ሲነካው ይፈስሳል። ስሙን አላውቀውም ብለህ አትተወው፤ የስሙን ቦታ ባዶ አድርገህ ላከው።