«ኮርኒስ»፣ «ጠንካራ እንጨት» እና «ጥድ»፦ በእንጨት ክፈፍ ስያሜዎች አተረጓጐም ላይ የቀረበ ሒስ

የግሪክንና የሮማን የሥነ ሕንጻ ሥርዐት ተከትለው ስለሚሠሩ የቤት ውስጥ የእንጨት ጌጦች የሚናገር የሙያ ጽሑፍ ወደ አማርኛ ሲመለስ፣ የሚከተለውን የመሰለ ዐረፍተ ነገር በቀላሉ ሊወጣው ይችላል፦ «ኮርኒሱ ከጠንካራ እንጨት ይሠራል፤ ቀለም የሚቀባ ከሆነ ግን ጥድ ይበቃል።» ሰዋስዉ እንከን የለበትም። ይሁን እንጂ ሦስቱም የሙያ ቃላት አናጢውን ያሳስቱታል።

«ኮርኒስ» በምንጩ በጣሊያንኛ፣ ከግድግዳው አናት ላይ ወጣ ብሎ የሚዞረው ክፈፍ ነው። በአማርኛ ግን ከጣራው በታች ክፍሉን የሚሸፍነው ገጽ በሙሉ በዚህ ስም ይጠራል። ስለሆነም አናጢው በክፈፍ ፈንታ የክፍሉን ስፋት ለክቶ ጣውላ ይገዛል። ሕዝቡ የለመደውን ቃል ወደ ጥንት ትርጉሙ መመለስ አይቻልም፤ ለክፈፉ «የግድግዳ አናት ክፈፍ» ማለት ይሻላል። የግድግዳው እግር ክፈፍ በሙያተኛው ዘንድ «ዞኮሎ» ስለሚባል አዲስ ስም አያሻውም። የቅርጽ ስያሜን በተመለከተ ግሪኮች መንገድ አሳይተውናል፤ ከፊሉ ጎድጉዶ ከፊሉ የሚያብጠውን ክፈፍ «ሞገድ»፣ ጥላ የሚይዘውን ጎድጓዳ ደግሞ «ጨለማ» ከሚል ቃል ሰይመዋል። እኛም ድምፁን ከመዋስ ይልቅ ዐይን ያየውን ብንሰይም ይበጃል።

«ጠንካራ እንጨት» የእንግሊዝኛው «ሀርድዉድ» ቃል በቃል ትርጉም ነው። የእንግሊዝኛው ክፍፍል ግን የዛፉን ዐይነት እንጂ ጥንካሬውን አይመለከትም፤ በጣም ቀላልና ለስላሳ የሆነው ባልሳ እንኳ ከ«ሀርድዉድ» ይመደባል። ስመ ጥሩው ቅርጽ አውጪ ግሪንሊንግ ጊበንስ (1648–1721 እ.ኤ.አ.) የመረጠው የሊንደን እንጨትም ከዚሁ ወገን ሲሆን፣ የተወደደው ለስላሳና ለመሮ የሚታዘዝ በመሆኑ ነው። እንግሊዞች ይህን ዛፍ በሎሚ ዘመድ ስም ስለሚጠሩት «የሎሚ እንጨት» ብሎ የሚተረጉም ሌላ ስሕተት ይጨምራል። በእኛ አስተያየት «የሰፊ ቅጠል ዛፍ እንጨት» እና «የመርፌ ቅጠል ዛፍ እንጨት» የሚሉት ስያሜዎች ለእውነቱ ይቀርባሉ።

በ18ኛው ምእተ ዓመት በእንግሊዝ አገር ቀለም የሚቀባ ክፈፍ በብዛት ይሠራ የነበረው ከባልቲክ አካባቢ በሚመጣ ፓይን ነው። የፓይን አንጓ ሙጫ እያወጣ ቀለሙን ስለሚያበላሽ አስቀድሞ መታሸግ አለበት። የአገራችን ጥድ ግን ጁኒፐረስ ፕሮሴራ ነው፤ ስለ ፓይን የተጻፈው መመሪያ ለእርሱ አልተጻፈም። «የፈረንጅ ጥድ» ብሎ ማምለጥም አይቻልም፤ ስሙ በሌላ ዛፍ፣ በኩፕሬሰስ፣ ተይዟል። «ፓይን» ብሎ መጻፍ ይገባል።

ጥፋቱ የተርጓሚው ብቻ አይደለም። ያለ አንዳች ማብራሪያ አንድ ለአንድ አቻ ብቻ የሚደረድር መዝገበ ቃላትም ተጠያቂ ነው። በሙያ ስያሜ ሥር ቢያንስ የዕቃው ቦታና ቅርጽ፣ የዛፍ ከሆነም ሳይንሳዊ ስሙ መስፈር ይኖርበታል። የቃላት ስሕተት በቀጣዩ እትም ይታረማል፤ በስሕተት የተቆረጠ ጣውላ ግን አይቀጠልም።