ጓንዡን በ2 ዩዋን

እባካችሁ ታክሲውን ተዉት! ወደ ጓንዡ ለንግድ የምትመላለሱም፣ ለትምህርት ወይም ለጉብኝት ያሰባችሁም፣ ይህን ከተማ ከታክሲ መስኮት ብቻ አይታችሁ እንዳትመለሱ። ከቦሌ በቀጥታ በረራ ባይዩን አየር ማረፊያ፣ ከባይዩን ሺያኦቤይ ሰፈር፣ ከሺያኦቤይ ገበያ፣ ከገበያ መጋዘን፣ ከዚያ ወደ አገር ቤት፤ ብዙዎቻችን የምናውቃት ጓንዡ ይቺው ናት። ከዚህች መስመር ትንሽ ወጣ ሲሉ የሚገኘው የከተማው መጓጓዣ ግን እንዴት ያለ ድንቅ ነገር ነው! ቋንቋውን የማያውቅ እንግዳ በጥቂት ሳንቲም ያሻው ቦታ ይደርሳል፣ ያውም ማንንም ሳይለምን።

ሜትሮውን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1997 ተከፍቶ ዛሬ ከተማውን ከዳር እስከ ዳር አዳርሶታል። አንድም የቻይንኛ ፊደል ማንበብ አያስፈልግም። እያንዳንዱ መስመር ቁጥርና ቀለም አለው፤ የጣቢያው መውጫዎች በላቲን ፊደል ተለይተዋል፤ የሚቀጥለው ጣቢያ በማንዳሪን፣ በካንቶኒዝና በእንግሊዝኛ ይነገራል። ከአየር ማረፊያው ሥር 3ኛውን መስመር ያዙ፣ ጂያሄዋንግጋንግ ላይ ወደ 2ኛው ቀይሩ፣ ጓንዡ ባቡር ጣቢያ ስትደርሱ ወደ 5ኛው ተሻገሩ፤ ቀጣዩ ጣቢያ ሺያኦቤይ ነው። አለቀ! የቲኬት ማሽኑ እንግሊዝኛ ያውቃል። ገንዘቡን ስትሰጡት ክብ የፕላስቲክ ቲኬት ይተፋላችኋል፤ ስትገቡ በሩ ላይ ታስነኩታላችሁ፣ ስትወጡ ቀዳዳው ውስጥ ትጨምሩታላችሁ። የመጀመሪያው 4 ኪሎ ሜትር 2 ዩዋን ነው፤ መንገዱ ሲረዝምም ታሪፉ የሚጨምረው ቀስ እያለ ነው። ፍጥነት የሚወድ ደግሞ 18ኛውን መስመር ይሞክር። እ.ኤ.አ. በ2021 የተከፈተው ይህ ባቡር ከመሬት በታች በሰዓት እስከ 160 ኪሎ ሜትር ይከንፋል!

የአውቶቡሱም ነገር እንዲሁ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ዦንግሻን ጎዳና ላይ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2010 ሥራ የጀመረው ፈጣን አውቶቡስ 22.5 ኪሎ ሜትር ርዝመትና 26 ጣቢያዎች አሉት። ብልሃቱ ግን ርዝመቱ ላይ አይደለም። አውቶቡሶቹ ከየሰፈሩ ተነስተው ለብቻ ወደተከለለላቸው መንገድ ይገባሉ፣ መኪና ሳያግዳቸው ይሮጣሉ፣ ከዚያ ወጥተው ወደየሰፈሩ ይበተናሉ። ስለዚህ ተሳፋሪው መሐል ላይ ወርዶ ሌላ መያዝ የለበትም። ጣቢያዎቹ አካባቢ ማለፊያ መንገድ ስላለ የቆመው አውቶቡስ የሚሄደውን አያስጠብቀውም። በመጨናነቂያ ሰዓት በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሰዓት ከ25,000 በላይ ሰው ያጓጉዝ ነበር፤ ይህ ለባቡር እንጂ ለአውቶቡስ የሚታሰብ ቁጥር ነው? እ.ኤ.አ. በ2011 የዘላቂ ትራንስፖርት ዓለም አቀፍ ሽልማት ለዚህች ከተማ መሰጠቱ ሲያንስ ነው።

አሁን ልቤን የወሰደው ላይ ደረስኩ፤ የሃይዡ ትራም። ከካንቶን ማማ ተነስቶ በፐርል ወንዝ ዳር ዳር እስከ ዋንሸንግዌይ 7.7 ኪሎ ሜትር ይጓዛል፣ በላዩ ግን አንዲት ሽቦ የለም! እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ አዲስ አበባ ላይ የምናየው ቀላል ባቡራችን ኃይሉን የሚስበው ከላይ ከተዘረጋለት ሽቦ ነው። ይህኛው ሱፐርካፓሲተር ተሸክሟል። ፌርማታ ላይ ሰው ሲወርድና ሲሳፈር፣ ከ10 እስከ 30 ሰከንድ ባለው ጊዜ ውስጥ ኃይሉን ሞልቶ ይነሳል። ፍሬን ሲይዝ የሚባክነውን ጉልበትም መልሶ ያጠራቅመዋል። ተሳፋሪው እኮ ምንም አይታወቀውም፤ በሩ ይከፈታል፣ በሩ ይዘጋል፣ ትራሙ ሣር በለበሰው ሐዲድ ላይ ያለ ድምፅ ይንሸራተታል። በአንድ ወገን ወንዙ፣ በሌላው ወገን እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ የሚካሄደው የካንቶን የንግድ ትርዒት ዛሬ የሚስተናገድባቸው የፓዡ ግዙፍ አዳራሾች። ይህን ሁሉ ያያችሁት በ2 ዩዋን! ስንቱ ነጋዴ ከነዚያ አዳራሾች ወጥቶ የታክሲ ሰልፍ ላይ ሲቆም ትራሙ በአጠገቡ እንደሚያልፍ ሳስበው ያንገበግበኛል።

ወንዙን በጀልባ መሻገርም አይቅርባችሁ። ለቱሪስት የተዘጋጀው የማታ ሽርሽር ውድ ነው። የከተማው ነዋሪ ሥራ የሚመላለስበት ጀልባ ግን በዚያው ወንዝ፣ በዚያው ነፋስ፣ በአውቶቡስ ዋጋ ያደርሳችኋል።

ክፍያው ራሱ ያስደስታል። ያንግቸንግቶንግ የሚባለውን የከተማውን ካርድ ገዝታችሁ ገንዘብ ብትሞሉበት ለሜትሮውም፣ ለአውቶቡሱም፣ ለጀልባውም ያገለግላል። የውጭ አገር የባንክ ካርድ ያለው ደግሞ አሊፔይ ላይ አስመዝግቦ ስልኩ ላይ የሚወጣውን ኮድ ማስቃኘት ይችላል። በነገራችን ላይ ጉግል ካርታ እዚያ ስለማይረዳችሁ ጋኦደ የሚባለውን የቻይና ካርታ ከመነሳታችሁ በፊት ስልካችሁ ላይ ጫኑ።

እንግዲህ ለሚቀጥለው ጉዞ ከሰዓት በኋላ ያለችውን ጊዜ ነፃ አድርጉልኝ። ከፓዡ ወደ ካንቶን ማማ የሚሄደውን ትራም ያዙ፣ ወንዙ በቀኝ ስለሚሆን በቀኝ በኩል ተቀመጡ። ማማው ጋ ስትደርሱ ወደ ምድር ቤት ውረዱና ሹፌር አልባዋን አነስተኛ ባቡር ተሳፈሩ፤ የፊት መስኮቱን ቦታ ለመያዝ ግን ፈጠን በሉ፣ የከተማው ልጆችም የሚሽቀዳደሙት ለእሱ ነው!